አልማዝ ባለጭራ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም

የዘወትር ርዕሳችን የአገራችን ጉዳይ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃዎች ከፖለቲካው ዘወር ብለን ስለ ገዛ ገላችን እንጨዋወት። ነገሩ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ከመካከላችን የአንድ ሰው ዓይን የተጎዳበት ጉዳይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ አንድ የማከብራቸው አባት አሉ። አንድ ቀን ግንባራቸውን በግራ በኩል እንደ እሳት ያቃጥላቸው ጀመር። ከዚያም ቦታው ቀልቶ ሽፍታ ወጣበት፤ ሽፍታውም ውሃ ቋጠረ። እርሳቸው በሽታውን ወዲያው አወቁት፤ አልማዝ ባለጭራ ነው። ስላወቁትም ደበቁት። ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ደፍተው፣ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሳሙና አልተስማማኝም» እያሉ ስድስት ቀን ቆዩ። ለምን ቢባል፣ አገር ቤት ሳሉ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው «ያ በሽታ አለበት» ተብሎ ሲታማ፣ ጎረቤትም ሲሸሸው አይተዋልና ነው። በሰባተኛው ቀን ልጃቸው በግድ ሐኪም ዘንድ ስትወስዳቸው ቁስሉ ወደ ዓይናቸው ዘልቆ ነበር። ዛሬ ቁስሉ ደርቋል። የግራ ዓይናቸው ግን እንደ ቀድሞው አያይም፤ ሕመሙም ሌሊት እየተነሳ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። «ያ በሽታ» የተባለውን በተመለከተ ተመርምረው ነጻ ሆነው ተገኝተዋል። ስማቸውን አልጠቅስም። «ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይሆን ጻፈው» ያሉኝ ግን እርሳቸው ናቸው።

ለመሆኑ ይህ በሽታ ከየት መጣባቸው? ከማንስ ተላለፈባቸው? መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል። ያን ሰሞን ከማንም አልተላለፈባቸውም። ቫይረሱ በልጅነታቸው ገብቶ ከሃምሳ ዓመት በላይ በውስጣቸው ተቀምጦ ነበር። ሰውነታቸውም ይህን ሁሉ ዘመን ሲጠብቀው ኖሯል። ይህ ጽሑፍ የዚያን ጥበቃ ታሪክ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ሰውነታችን ይህን ጠላት በምን ይለየዋል? እንዴት ይዋጋዋል? ለምንስ ጨርሶ አያስወጣውም? ይህን የተረዳ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖረውም ብዬ አምናለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ምችም የቅርብ ዘመዱ ነው

የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ሄርፒስ ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ሄርፒስ የሚለው ስም «በደረት መሳብ» ከሚል ጥንታዊ የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ግሪኮች በገላ ላይ እየተሳበ ሲሄድ አዩት፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ ጭራውን አይተው ባለጭራ አሉት። ሁለቱም የተመለከቱት አንድ ነገር ነው።

ከዚህ ቤተሰብ መካከል ሰውን የሚይዙት ዘጠኝ ናቸው። በጣም የታወቁት ሦስቱ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 የሚባለው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈርን ያቆስላል። አገር ቤት ትኩሳት ለቆት ከንፈሩ የቆሰለ ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ የሚጨመቅለት፣ በአብዛኛው የዚሁ ቫይረስ ሥራ ሆኖ ነው። ምች የሚለው ቃል ሌላም ብዙ ሕመም ያጠቃልላል። ቢሆንም እናቶቻችን ምችን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ከንቱ አልነበረም፤ ኃይለኛ የፀሐይ ጨረር የተኛውን ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል። ሁለተኛው ቁጥር 2 ሲሆን፣ በብዛት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ሦስተኛው ቫሪሴላ ዞስተር ይባላል። ይህ ቫይረስ በልጅነት ሲይዝ ገላን ሁሉ የሚያሳክከውንና ብዙዎቻችን ጉድፍ የምንለውን በሽታ ያመጣል። ዓመታት አልፈው ሲመለስ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ይሆናል።

እነዚህ ቫይረሶች ያልነኩት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 3.8 ቢሊዮን የሚሆኑት፣ ማለትም ከመቶ 64ቱ፣ ቁጥር 1ን ተሸክመው ይኖራሉ። ታዲያ ከሦስት ሰው ሁለቱ የተሸከመውን ነገር ማን ነው በማን ላይ ጣት የሚቀስረው?

የመጀመሪያው ሰዓት፦ ጩኸት

ቫይረሱ ቆዳችን ላይ ወይም አፋችን ውስጥ ሲደርስ ራሱን ችሎ መባዛት አይችልም። የግድ ሕያው ህዋስ ውስጥ ገብቶ፣ የራሱን ዲ ኤን ኤ ወደ ህዋሱ እምብርት አስገብቶ፣ የህዋሱን ማሽን ለራሱ ማሠራት አለበት። የሰውነታችን የመጀመሪያ መከላከያ የሚጀምረው እዚያው፣ በተጠቃው ህዋስ ውስጥ ነው። በህዋሱ ውስጥ የውጭ ዘር የሚያሸቱ ጠቋሚዎች አሉ። ዲ ኤን ኤ ያለ ቦታው ወድቆ ሲያገኙት፣ ወይም ቫይረስ ሲባዛ ብቻ የሚታየውን ዓይነት የዘር ክር ሲነኩ ደወሉን ይደውላሉ።

ጩኸቱ ኢንተርፌሮን ይባላል። በ1957 አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ ያገኙት ፕሮቲን ነው። ኢንተርፌሮን የደረሳቸው ጎረቤት ህዋሶች በራቸውን ይቀረቅራሉ፤ ቫይረስ ቢገባባቸው እንኳ እንዳይባዛ ሥራቸውን ይቀንሳሉ። አንድ ጎረቤት «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ እንደሚወጣ ማለት ነው።

ይህ ጩኸት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታወቀው ጩኸቱ ከጎደላቸው ሕፃናት ነው። የከንፈሩ ቫይረስ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ገብቶ የሚገድል ወይም አካል ጉዳተኛ የሚያደርግ ብግነት ያስነሳል። በሌላ ነገር ሁሉ ጤነኛ የሆነ ልጅ ለምን በዚህ ቫይረስ አንጎሉን ይመታል የሚለው ለረጅም ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። በ2006 እና በ2007 ፓሪስ ውስጥ በዣን ሎራን ካዛኖቫ የሚመራው ቡድን ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ከጠቋሚዎቹ መሥመር አንድ ዘረ መል ብቻ እንደተበላሸባቸው አሳየ። አንዲት ደወል ጎደለች፤ በሌላው ልጅ ከንፈር ላይ ቆስሎ የሚያልፈው ነገር በእነርሱ ላይ የሞት አደጋ ሆነ።

መታወቂያ የሚጠይቁት ጠባቂዎች

ጩኸቱ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጦርነቱን አይጨርስም። ሁለተኛው ረድፍ ዝግጅቱ ቀናት ይፈጅበታል። ቆዳችን ውስጥ ያሉ መልእክተኛ ህዋሶች የቫይረሱን ቁርጥራጭ አንስተው በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ወዳሉት ዕጢዎች ይዘውት ይሄዳሉ። ንፍፊት ወጣብኝ የምንለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዕጢው የሚያብጠው በውስጡ ከፍተኛ ምልመላ ስለሚካሄድ ነው። እዚያ ቲ ህዋስ የሚባሉ ነጭ የደም ህዋሶች በሚሊዮን በሚቆጠር ዓይነት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ብቻ ያውቃል። የመጣውን ቁርጥራጭ የሚያውቀው ቲ ህዋስ ሲገኝ ተባዝቶ ሠራዊት ይሆንና ወደ ቁስሉ ይዘምታል።

ታዲያ ይህ ሠራዊት ቫይረሱ በህዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ በምን ያገኘዋል? እዚህ ላይ ቀበሌን ያየ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚገባው ምሳሌ አለ። የገላችን ህዋሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በየጊዜው በውስጣቸው ከሚሠሩት ፕሮቲኖች ቁራጭ ቁራጭ እየወሰዱ በውጭ ገጽታቸው ላይ ለጥፈው ያሳያሉ። ይህ መታወቂያቸው ነው። ቲ ህዋስ በየደጁ እየዞረ «መታወቂያ አሳይ» ይላል። በመታወቂያው ላይ የራስ የሆነ ፕሮቲን ካየ ያልፋል፤ የቫይረስ ቁራጭ ካየ ያንን ህዋስ ከነቫይረሱ ይገድለዋል። ይህን አሠራር ያገኙት የስዊዘርላንዱ ሮልፍ ዚንከርናገልና የአውስትራሊያው ፒተር ዶኸርቲ ናቸው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ካንቤራ ውስጥ አይጦችን በሌላ ዓይነት ቫይረስ ሲያጠኑ ደረሱበት፤ በ1996ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ሄርፒስ ግን ከሰው ጋር እጅግ ረጅም ዘመን የኖረ ተንኮለኛ ነው፤ የፍተሻውን አሠራር ጠንቅቆ ያውቃል። በ1995 እንደታወቀው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ አንዲት ትንሽ ፕሮቲን ይሠራል። የእርሷ ሥራ የፕሮቲን ቁራጮች ወደ መታወቂያው የሚያልፉበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ቁራጩ ካልደረሰ መታወቂያው ወደ ውጭ አይወጣም። ቲ ህዋስ መጥቶ ቢጠይቅ የሚያየው ነገር ያጣል፤ ቫይረሱም በውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

ሰውነታችንም ለዚህ መልስ አለው። «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉ ሌሎች ህዋሶች አሉ። የእነርሱ ፍተሻ የተገላቢጦሽ ነው። መታወቂያ ያለውን ያልፉታል፤ መታወቂያ የሌለውን ይይዙታል። ይህን ሐሳብ በ1980ዎቹ ያቀረበው ስዊድናዊው ክላስ ካሬ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ መታወቂያውን ቢያሳይ በአንደኛው ጠባቂ፣ ቢደብቅ በሁለተኛው ጠባቂ እጅ ይወድቃል። በ1989 የአሜሪካ ሐኪሞች እነዚህ ገዳይ ህዋሶች ጨርሶ የሌሏትን አንዲት ታዳጊ ልጅ ታሪክ አሳተሙ። ልጅቱን በተደጋጋሚ ለሞት ያደረሷት የሄርፒስ ቤተሰብ ቫይረሶች ነበሩ።

ከእነዚህ ሌላ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንቲቦዲዎች፣ አሉ። እነርሱ ቫይረሱን ከህዋስ ውጭ ሲንሳፈፍ ይይዙታል። ይረዳሉ፤ ሆኖም በዚህ ጦርነት ዋናዎቹ እነርሱ አይደሉም። ሄርፒስ የአንቲቦዲን ጭራ በራሱ ፕሮቲን ጨምድዶ ይዞ ሊያደክመው ይችላል። ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። አንቲቦዲ መሥራት ሳይችሉ የሚወለዱ ልጆች ጉድፍ ሲይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ። ቲ ህዋስ የሌላቸው ግን በዚሁ ጉድፍ ይሞታሉ። እንግዲህ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ ዕድሜና ስለ ኤች አይ ቪ ስናነሳ ያስፈልገናል።

መሸሸጊያውና ከበባው

ይህን ሁሉ ሠራዊት ያየ ሰው ቫይረሱ በሳምንት ጊዜ ተጠርጎ ይወጣል ብሎ ይገምታል። ከቆዳ ላይ በእርግጥ ይጠረጋል። ይሁን እንጂ ውጊያው ሲጀመር የቫይረሱ የተወሰነ ክፍል የስሜት ነርቭ ጫፍ ላይ ወጥቶ በነርቩ ክር ውስጥ ወደ ላይ መጓዝ ጀምሯል። የከንፈሩ ቫይረስ ጆሮ አካባቢ ባለ የራስ ቅል ውስጥ የሚገኝ የነርቭ ቋጠሮ ላይ ያርፋል። የጉድፉ ቫይረስ ደግሞ በጀርባ አጥንታችን ግራና ቀኝ ከላይ እስከ ታች በተደረደሩት ቋጠሮዎችና በራስ ቅሉ ቋጠሮ ውስጥ ይሰፍራል። እዚያ ዲ ኤን ኤውን ጠቅልሎ ዝም ይላል። ፕሮቲን ካልሠራ በመታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይኖርም፤ ስለዚህም ጠባቂው የሚያውቅበት ምልክት የለም።

ሌላም ችግር አለ። የቆዳ ህዋስ ቢገደል በማግስቱ ይተካል። የነርቭ ህዋስ ግን ከሞተ ሌላ አይተካውም። ሰውነት በገዛ ነርቩ ላይ ጭፍጨፋ ቢያካሂድ ራሱን ያሽመደምዳል። ስለዚህ ምርጫው ከበባ ሆነ። የውጊያው ትዝታ ያላቸው ቲ ህዋሶች በቋጠሮው ውስጥ ሰፈር ሠርተው ይቀመጣሉ። በ2008 የፒትስበርግ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያዩት ነገር አስደናቂ ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ሊነሳ ሲቃጣው አጠገቡ ያለው ቲ ህዋስ በሌላ ቦታ ቢሆን ህዋስን የሚገድልበትን መርዝ ይለቃል። እዚህ ግን መርዙ የቫይረሱን ዋና ማስነሻ ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ነርቩ ሳይሞት ቫይረሱ ተመልሶ ይተኛል። ሲያትል ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቁጥር 2 ሄርፒስ ባለባቸው ሰዎች ቁስሉ ከዳነ ከወራት በኋላም ቲ ህዋሶች እዚያው ቆዳ ሥር፣ ነርቩ በሚወጣበት ደጃፍ ላይ፣ ዘብ ቆመው እንደሚገኙ አሳይተዋል።

እንግዲህ «ዳንኩ» የምንለው ቫይረሱ ስለጠፋ አይደለም፤ ጠባቂዎቹ ስላላንቀላፉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክትም ይኸው ነው።

ጠባቂው ሲደክም

ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ የአንድ ቫይረስ ሁለት መልኮች መሆናቸውን ከላቦራቶሪ ይልቅ በቀበሌ ሐኪምነት ሊባል በሚችል ሥራ አጥርቶ ያሳየ ሰው አለ። እርሱም ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የተባለ፣ ሳይረንሰስተር በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። ለ16 ዓመታት ወደ እርሱ የመጡትን 192 የአልማዝ ባለጭራ ሕሙማን አንድ በአንድ መዘገበ። በሽታው እንደ ጉድፍ በወረርሽኝ እንደማይመጣ፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም እንደሚበዛ አየ። በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ ቫይረሱ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ እንደሚኖርና ጥበቃው ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ እንደሚነሳ አስረዳ። በኋላ የመጣው ሳይንስ ሁሉ ሐሳቡን አጸናለት።

ጥበቃውን የሚያዳክመው ምንድን ነው? አንደኛው ዕድሜ ነው። ሰው ሲያረጅ ለቫይረሱ ያለው አንቲቦዲ ብዙም አይቀንስም፤ የቲ ህዋሶቹ ትዝታ ግን እየሳሳ ይሄዳል። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ይሠራል። በአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ግምት በዚያ አገር ከሦስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ አልማዝ ባለጭራ ይይዘዋል፤ በየዓመቱም አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ይታመማል። ሁለተኛው ምክንያት መድኃኒት ነው። የካንሰር ሕክምና፣ ለብዙ ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ ኩላሊት ወይም ሌላ አካል የተተካላቸው ሰዎች የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ቲ ህዋሶችን ያዳክማሉ። ሦስተኛው ኤች አይ ቪ ነው። ኤች አይ ቪ የሚያጠፋው የቲ ህዋሶችን አስተባባሪ፣ አዛዡን ክፍል ስለሆነ ከበባው ይላላል።

ሐሜቱ የመጣው ከዚህ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአፍሪካ ብዙ ወጣቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ ሐኪሞች ሲመረምሩ ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ ተገኘባቸው። ለሐኪሙ «ይህ ሰው ይመርመር» የሚል ምልክት ነበር። ወደ መንደር ሲወርድ ግን ምልክቱ ፍርድ ሆነ። የስድሳ ዓመት አዛውንትም፣ የካንሰር ሕመምተኛም፣ ጭራሽ ምንም የሌለበትም ሰው በአንድ ላይ ተፈረደበት።

እኔ ግን «የእኔ ከዚያ አይደለም» ብሎ ራስን ማዳን ብቻ በቂ አይመስለኝም። ቢሆንስ? ወጣት ሆኖ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ቢመረመር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ቲ ህዋሶቹ ያገግማሉ፣ ረጅም ዕድሜም ይኖራል። የገደለን ቫይረሱ ብቻ አልነበረም፤ ሐሜታችንም አብሮ ገድሏል።

72 ሰዓት

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ቫይረሱ ከአንድ ቋጠሮ ሲነሳ ያንኑ አንድ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ስለዚህ ሽፍታው በአብዛኛው በአንድ ወገን ብቻ እንደ መቀነት ተዘርግቶ የገላችን መካከለኛ መሥመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ወገቡን ዞሮ ከተገናኘ ይገድላል» የሚል ፍርሃት በብዙ አገሮች አለ። የአንዱ ወገን ነርቭ ወደ ሌላው ወገን ስለማይሻገር ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። ብዙ ጊዜ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት ቦታው ያቃጥላል፣ ይወጋል ወይም ይደነዝዛል። በደረት በኩል ከሆነ የልብ፣ በጎን በኩል ከሆነ የኩላሊት ሕመም ሊመስል ይችላል።

ጊዜ የማይሰጠው በፊት ላይ ሲወጣ ነው። በግንባር፣ በዐይን ቆብ፣ በተለይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይንን የሚያገለግለው ነርቭ ተነክቷል ማለት ስለሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። በጆሮ ላይ ወጥቶ ፊት ሲጣመምም እንደዚሁ ነው።

መድኃኒት አለው። አሲክሎቪር ይባላል። ገርትሩድ ኤሊየን ትሠራበት በነበረ የአሜሪካ ላቦራቶሪ ተፈልስፎ በ1982 በአሜሪካ የተፈቀደ ነው። እርሷም በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዷ ሆነች። መድኃኒቱ ጤነኛ ህዋስ ውስጥ ቢገባ ተኝቶ ይቀራል። የሚቀሰቅሰው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው፤ ቫይረሱ በገዛ እጁ ያነቃውና የዲ ኤን ኤ ሥራው ይቋረጥበታል። ሆኖም መድኃኒቱ የሚያቆመው እየተባዛ ያለውን ቫይረስ ብቻ ነው። የተኛውን አይነካም፤ የተጎዳውንም ነርቭ አይጠግንም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት የሚሉት። ከዚያ በኋላ ከሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያም ሆኖ ቁስሉ ዓይን አካባቢ ከሆነ ወይም አዲስ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ ዘግይቶም ቢሆን መሄድ ያስፈልጋል። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆየው የነርቭ ሕመም ከአሥር ሰው አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል፤ በሽማግሌ ላይ ደግሞ ይበረታል።

ቅጠል፣ ቅባትና ጠበል የሚያጽናናው ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዓቱ እንዳያልፋችሁ። በተከፈተ ቁስል ላይ የሚያቃጥል ነገር መቀባት ግን ቁስሉን ለሌላ ኢንፌክሽን ማጋለጥ ነው።

ዘቡን የሚያጠናክር ክትባት

በ1974 ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ የተዳከመ የጉድፍ ቫይረስ ክትባት ሠራ። ለዚህ ያነሳሳው የገዛ ትንሽ ልጁ በጉድፍ ክፉኛ ሲሰቃይ ማየቱ ነበር። ከዚሁ ቫይረስ የተሠራ፣ ለአዛውንቶች የሚሆን ጠንከር ያለ ክትባት በ2006 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በሽታውን በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ከ2020 በኋላ ግን በዚያ አገር አይሰጥም፤ የተሻለ መጣ።

የተሻለው ሺንግሪክስ ይባላል፤ በ2017 ተፈቀደ። ሕያው ቫይረስ የለበትም። በውስጡ ያለው ከቫይረሱ ልብስ የተወሰደ አንድ ፕሮቲንና ጠባቂዎቹን የሚያነቃ ቅመም ነው። የቅመሙ አንዱ ክፍል ቺሊ ውስጥ ከሚበቅል ቅርፊቱ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚያወጣ ዛፍ ይገኛል። በትልልቅ ጥናቶች ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በሽታውን ከመቶ 97 ያህል፣ ከ70 በላይ በሆኑትም ከመቶ 90 ያህል ተከላከለ። ሥራው ቀላል ነው፤ የሳሳውን የቲ ህዋስ ትዝታ እንደገና ያድሳል። ከሁለት እስከ ስድስት ወር ልዩነት ባለው ጊዜ ሁለቴ ይወሰዳል። ክንድን ማሳመሙና ለአንድ ሁለት ቀን ማተኮሱ የተለመደ ነው።

በአሜሪካ ከ50 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ደግሞ ከ19 ዓመት ጀምሮ እንዲሰጥ ይመከራል። ከ2023 ጀምሮ የሜዲኬር የመድኃኒት መድን ያላቸው ሰዎች ያለ ክፍያ ያገኙታል። በብሪታንያም ከ2023 ጀምሮ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ለተወሰኑ የዕድሜ ክልሎች በነጻ ይሰጠዋል። ቀድሞ በሽታው የያዘውም ሰው ቢከተብ ይጠቅመዋል። በሌላ አገር ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አባትና እናቶቻችን እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ይህን ዕድል ሳያውቁት ያልፋሉ፤ ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ አልማዝ ባለጭራ ከሰው ወደ ሰው እንደ አልማዝ ባለጭራ አይተላለፍም። የቁስሉ ውሃ ግን ጉድፍ ይዞት የማያውቀውን ሰው ጉድፍ ሊያስይዘው ይችላል። ሞቃት በሆኑ አገሮች ያደጉ ብዙ ሰዎች ጉድፍ ሳይዛቸው ለአካለ መጠን ይደርሳሉ፤ በአዋቂ ሲይዝ ደግሞ ይከፋል። ስለዚህ ቁስሉ እስኪደርቅ ይሸፈን፤ ከነፍሰ ጡርና ከጨቅላም ይራቅ። ጉድፍ ይያዘኝ አይያዘኝ የማታውቅ፣ መውለድ የምታስብ እህት ከማርገዟ በፊት ትመርመር፤ ክትባቱ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥምና።

ሁለተኛ፣ አራስ ጥየቃ ስንሄድ ሕፃን መሳም ባህላችን ነው። ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ግን አራስ ልጅ አይሳም። ያ ከላይ የገለጽኩት ጩኸትና የዘብ ሥርዓት በአራስ ገና አልበረታም። ለትልቅ ሰው ምች የሆነው ነገር ለጨቅላ ሞት ሊሆን ይችላል። አክስትም ብትሆን፣ አያትም ብትሆን፣ «ዛሬ ከንፈሬ ቆስሏል፣ ከሩቅ ልባርከው» ማለት ነውር የለውም።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን በጀርባ አጥንታችን አጠገብ የማይወጣ እንግዳ፣ በአጠገቡም የማይታዩ ዘቦች ይዘን እንኖራለን። ዘቡ አንድ ቀን ቢያንቀላፋ ኃጢአት አይደለም፤ ውርደትም አይደለም። ኮፍያ ደፍቶ ስድስት ቀን መቆየት ግን ዓይን ያስከፍላል። እኒያ አባት ባለፈው ሳገኛቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጠባሳውን እያሳዩ ለታክሲ ጓደኞቻቸው ስለ ክትባቱ ሲነግሩ ነበር። ከዚያ ቡድን ሦስቱ በሳምንቱ ሄደው ተከትበዋል።